ጋሽ ገመቹ የጻፉት መንገድ

ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ አዳማ ውስጥ ወዳለ መሥሪያ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ፣ ከወዲያ በኩል የተቀመጠችው ወጣት ዓይነ ስውር መሆኗን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በአንድ ጆሮዋ ኤርፎን ሰክታለች፤ ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ይሮጣሉ።

«ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። ጻፈችውና ለማረጋገጥ አንዴ አዳመጠችው። ድምፁ ከኤርፎኑ ትንሽ ያመልጥ ስለነበር እኔም ሰማሁት፤ ማሽኑ የአባቴን ስም በፈረንጅ አፍ አጣሞ፣ እንደ ላስቲክ ለጥጦ ጠራው። ልጅቷ ፈገግ አለች። «እሱ እንዲህ ነው የሚለው፤ እኔ ግን በትክክል ጽፌዋለሁ፣ አይስጉ።»

ጉዳዬ አለቀ። ወደ ቤት ግን አልሄድኩም። ፊት ለፊት ካለው ጭማቂ ቤት ገብቼ ፓፓያ አዘዝኩና ሳልጠጣው ብዙ ቆየሁ። ያን የሚያጣምም ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በሃያዎቹ ዕድሜዬ ነው። ከዚያ ወዲህ በሰማሁት ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል፤ ጋሽ ገመቹ።

ያን ጊዜ ኮሌጅ ጨርሼ እዚሁ አዳማ፣ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ጫላ የሚባል የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው። ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ክፍል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቬንቲሌተሩ ሙቁን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር ጥቅም አልነበረውም። ነፋስ ሲነሳ አቧራው በበሩ ሥር ስለሚገባ፣ የተፈታ ማሽን ላይ ጋዜጣ አልብሰን ነበር ለምሳ የምንወጣው። የጫላ ምሳ አብዛኛውን ጊዜ ዳቦ በሙዝ ነው። ሲበላ አያወራም፤ ሲሠራ ግን ሳያቋርጥ ያንጎራጉራል። አንድ ነገር ሲያስጨንቀው የማውቀው ማንጎራጎሩን ሲያቆም ነበር።

ጋሽ ገመቹ የመጡት ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ከሻሸመኔ ያመጣቸው ሚኒባስ ረዳት በር ድረስ ይዟቸው መጥቶ «እዚህ ነው አባባ» ብሎ ተመለሰ። ረጅም፣ ሽበታም፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው። ከአጠገባቸው ሌንሳ የምትባል ተማሪያቸው አለች፤ እሷም እንደ እሳቸው አታይም፣ ብርሃንን ከጨለማ ብቻ ትለያለች። በጋቢ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«አካም ጅርቱ፣ ልጆቼ» አሉ ጋሽ ገመቹ ገና ከደፉ። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ በምን እንዳወቁ እንጃ፣ ፊታቸውን መጀመሪያ ወደ ጫላ ቀጥሎ ወደ እኔ አዞሩ።

ሻሸመኔ ላይ ለዓይነ ስውራን ኮምፒውተር የሚያስተምሩ መምህር መሆናቸውን ነገሩን። አንድ የውጭ ድርጅት ለክፍላቸው ላፕቶፖች ሰጥቷቸዋል። ስክሪን ስለማያዩ ማሽኑ ራሱ በድምፅ ያነብላቸዋል። ችግሩ፣ አንዳንድ ቀን ሲከፍቱት ድምፁ ይሰማል እንጂ ኪቦርዱ ሙት ነው። አጥፍተው ሲያበሩት ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይሠራል።

«እዚያው ሻሸመኔ አሳየን። ‹አርጅቷል፣ ጣሉት› አሉን» አሉ። «ያረጀሁት እኔ ነኝ እንጂ እሱ ልጅ ነው። ግራ ተጋብቶ ነው።»

«ይሄ የእርስዎ ነው?» አልኳቸው።

«የሌንሳ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሕመማቸውም አንድ ነው። የእኔን ከአጠገቤ አላርቀውም፤ ጽሑፌ አለበት።»

«ምን ይጽፋሉ ጋሼ?» አለ ጫላ።

«መንገድ።»

እኔና ጫላ ተያየን። እሳቸው ሳቁ።

በልጅነታቸው ኩፍኝ ዓይናቸውን ወሰደው። ዘመድ ሁሉ እሳት ዳር ይቀመጥ ሲል፣ እናታቸው ግን ሻሸመኔ ላይ የማያዩ ልጆች የሚማሩበት ቤት አለ መባሉን ሰምታ፣ አህያ ላይ አስቀምጣ ከኮፈሌ በታች ካለው መንደራቸው ይዛቸው ወረደች። መንገዱን ሁሉ የምታየውን እየነገረቻቸው ነበር የሄደችው። ዛፉን፣ የሰዉን አጥር፣ የሚያልፈውን ከብት፣ የሰማዩን መልክ። ጋሽ ገመቹ ይጽፉት የነበረው ያን ነው፤ እናታቸው በቃል ያሳየቻቸውን መንገድ፣ በኦሮምኛ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

«አሁን አስፋልት ሆኗል ይሉኛል» አሉ። «ይሁን። የእኔ እሷ ያየችው ነው።»

ያ ላፕቶፕ በግራ ጠርዙ ትርፍ ቁልፎች ነበሩት። አንዱን መጫን ብቻ ሁለት ሦስት ሥራ ያሠራል። ማሽኖቹን የገጠመው ቴክኒሻን ከመሄዱ በፊት ለጋሽ ገመቹ አንዱን ቁልፍ አዘጋጅቶላቸዋል፤ ሲጫኑት የጻፉትን ያስቀምጥና አዲስ ባዶ ገጽ ይከፍታል። ማሽኑ «ኒው ፔጅ» ሲላቸው የዕለቱ ሥራ አበቃ ማለት ነው። ተመልሰው ግን አያዳምጡትም።

«ለምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይሄ ድምፅ ኦሮምኛ አያውቅም። እናቴ በፈረንጅ አፍ ስታወራ መስማት አልፈልግም። ሲያልቅ የሚያይ ሰው ፈልጌ አስነብበዋለሁ።»

የሌንሳን ማሽን ትተውልን ሄዱ። እኛም ጉድለቱን ፍለጋ ገባን። ዕቃው ጤነኛ ነበር፤ የታመመው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ማለት ጣት ቁልፍ ሲነካ ያን ንክኪ ለቀረው ማሽን የሚያስረዳ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የዚህኛው ሌላም ሥራ ነበረው። ለትርፎቹ ቁልፎች «ይህ ሲጫን ይህንና ይህን አድርግ» የሚል አንድ መስመር ይጻፍለትና፣ እሱ አንብቦ ይይዘዋል። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለነበር አውርደን አነበብነው።

ብዙ ሰው በየጊዜው እየጨመረበት የተጻፈ ነበር። መስመሩን ፊደል በፊደል ይለቅማል፤ አንዱ ጥያቄ በሌላው ውስጥ፣ ያም በሌላው ውስጥ ይገባል። የማይገባው ቃል ሲያጋጥመው አይናገርም። ዘሎት ያልፍና፣ የገባውን ብቻ ይዞ «እሺ፣ ተፈጽሟል» ብሎ ይመልሳል። ምሳና ጭማቂ አዘሽው ጭማቂውን ብቻ ሰምቶ «እሺ» ብሎ እንደሚሄድ አስተናጋጅ ማለት ነው። ማሽኑ ሲበራም እንዲሁ ነው። ከሚያስነሳቸው ነገሮች አንዱ እምቢ ካለው የጀመረውን ሳይዘጋ፣ ስህተት መኖሩንም ሳይናገር ጥሎ ይወጣል፤ ኪቦርዱም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ያ ነበር ሙት የሚያደርገው።

«ምንም ብትይው እሺ ነው የሚልሽ» አለ ጫላ። «እንዲህ ያለ ሰው ሰፈራችን ነበር። ነገ ና ስትይው እሺ፣ ዕቃውን መልስ ስትይው እሺ። አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም።»

እኔ ኪቦርዱን ብቻ አስተካክለን እንመልስላቸው አልኩ። ጫላ ደግሞ ከገባንበት አይቀር መስመሩን የሚያነበውን ክፍል፣ ማንበቢያውንም እናቅልለው አለ። ልቤ ከእሱ ጋር ስለነበር ብዙም አልተከራከርኩም። ቶሎ መልሰንላቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ከዚያ በኋላ ብዙ አስቤያለሁ። ምናልባት የባሰ ይሆን ነበር፣ ምናልባትም ምንም አይለወጥም ነበር። ያን ጊዜ ግን የምናስበው ስለ ኮዱ ብቻ ነው፤ ልጆች ነበርን፣ የሚያምር ነገር እየሠራን ነበር።

ረጅሙን ማንበቢያ አውጥተን ጣልነው። በምትኩ መስመሩን በየቃሉ የሚቆርጥ፣ እያንዳንዱን ቃል ከሚያውቃቸው ጋር የሚያስተያይ፣ አንዱ እንኳ ካልገባው መስመሩን በሙሉ አልቀበልም የሚልና የቱ ቃል እንዳልገባው የሚናገር አጭር ኮድ ጻፍን። ሲነሳም አንዱ ነገር ካልሆነለት የጀመረውን ሁሉ በቅደም ተከተል ዘግቶ ስህተቱን ተናግሮ እንዲወጣ አደረግነው። ከገጽ ገጽ ይሄድ የነበረው ነገር በአንድ እይታ የሚነበብ ሆነ። ማታ ወደ ቤት ስሄድ እንኳ በልቤ አነበው ነበር። በኋላ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፣ ትልልቅ የሚባሉም። እንደዚያ ያለ ደስታ ግን አላገኘሁም።

በሥራው መሃል ጋሽ ገመቹ ወደ ጥገና ቤቱ ይደውሉ ነበር። ማሽኑ ደረሰ ወይ ብለው አይነዘንዙም። መንገዱ ላይ የት እንደደረሱ ነው የሚነግሩን።

«ዛሬ ገበያተኞቹን አገኘናቸው» ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ «ወንዙ ጋ ነን። አህያዋ አልሻገርም ብላለች።»

«እናትዎ ምን አሉ ታዲያ?» ይላል ጫላ።

«ነገ እጽፈዋለሁ። ዛሬ ‹ኒው ፔጅ› ብሎኛል፤ ዘግቻለሁ።»

ሰኔ ሲገባ ማሽኑን ይዘን በአካል ወረድን። የቀሩትንም እዚያው እንድናስተካክል ብለን ነው። ከሞጆ ወዲያ መንገዱ ገና አቧራ ነበር። መቂ ላይ ሴቶች ቲማቲምና ሽንኩርት በሳህን ደርድረው ወደ መስኮቱ እየሮጡ መጡ። ያኔ ሁላችንም ዝዋይ በምንላት ባቱ መኪናው ለምሳ ቆመ፤ አጥንቱ እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ ዓሣ በሚጥሚጣ በላን። ከቡልቡላ በኋላ ግራሮቹ አረንጓዴ እየሆኑ ሄዱ። አርሲ ነገሌ ላይ ጫላ «ያ የእኛ ሰፈር ነው» ብሎ በጣቱ አሳየኝ፤ ዝናቡ እዚያ ጋ ያዘን።

የጋሽ ገመቹ ክፍል ከአንድ ግቢ ጥግ ነው፤ መስኮቶቹ ሰፋፊ፣ መጋረጃ የሌላቸው። ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው እጃቸውን ሰጥተው ስማችንን ጠየቁን። ሥራ ጀመርን። አንዱን ማሽን ስንጨርስ ሌላው ይመጣል፤ ማሽኖቹ ሁሉ ተነሡ፣ ኪቦርዳቸው ሠራ። ሌንሳ የራሷን አጥፍታ እያበራች፣ በየጊዜው «ይሠራል! ይሠራል!» ትላለች። በመጨረሻ ጋሽ ገመቹ የእሳቸውን አመጡ። እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት።

አዲሱን ድራይቨር ጫንንና አስነሣነው። ድምፁ ተሰማ። በዚያ በተለጠጠ አነጋገሩ ስህተት አለ አለ፤ ከግራው ቁልፍ መስመር ላይ የማላውቀው ቃል አለ፣ አልቀበልም።

እጄን አጨበጨብኩ። «ተናገረ! ጫላ፣ ሰማኸው? ተናገረ እኮ!» ብዬ ሳቅሁ። ጋሽ ገመቹም ምክንያቱን ሳያውቁ ለእኔ ደስታ ብለው አብረውኝ ሳቁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ጫላ አልሳቀም። ሲያንጎራጉር የነበረውን አቆመ። ቴክኒሻኑ የጻፈውን መስመር አወጣና በጣቱ አሳየኝ። ቁልፉ ሁለት ሥራ ነበር የታዘዘው፤ መጀመሪያ አስቀምጥ፣ ቀጥሎ አዲስ ገጽ ክፈት። «አስቀምጥ» የሚለውን ቃል ሰውየው አንድ ፊደል ገድፎ ነው የጻፈው። አሮጌው ድራይቨር ያን ቃል ስላልገባው ዘሎታል፤ ሁለተኛውን ብቻ ይዞ፣ እሺ ብሎ፣ ያንኑ ሲሠራ ኖሯል። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር የተጻፈው ሳይቀመጥ ገጹ ይጠፋል፤ ባዶ ገጽ ይከፈታል፤ «ኒው ፔጅ» ይላል።

ጽሑፋቸው የሚቀመጥበትን ቦታ ከፈትን። ቴክኒሻኑ ለሙከራ የጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነበረበት። ሌላ ምንም የለም። ሌላ ቦታ ፈለግን፣ ጫላ የሚያውቀውን መንገድ ሁሉ ሞከረ። የለም።

የኪቦርዱ ድምፅ መቆሙ ነገራቸው መሰለኝ። «ምነው ልጆች?» አሉ።

ጫላ አየኝ። በጆሮዬ «አልችልም» አለኝ። ኦሮምኛ አቀላጥፎ የሚናገረው እሱ፣ ለእሳቸው የሚቀርበው እሱ፤ እሱ ግን አልቻለም። ወንበር ስቤ ከጎናቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ የጻፉት... አልተቀመጠም።»

«የዛሬው?»

«የዛሬውም።»

«የትናንቱስ?»

«እሱም። ቁልፉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያስቀምጥ አልነበረም። አዲስ ገጽ ብቻ ነው ሲከፍት የነበረው።»

እጃቸው እጄ ውስጥ አልተንቀሳቀሰም። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሽ ገመቹ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ ቀስ ብለው አሉ፦

«‹ኒው ፔጅ› ሲለኝ እኮ ደስ ይለኝ ነበር።»

ይቅርታ አልኳቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናንተማ ነገራችሁኝ» አሉ። «የሚያነብልኝ ሰው እስካገኝ ብጠብቅ ኖሮ፣ መጨረሻው ላይ ደርሼ ነበር የማውቀው።» ጫላ የተገደፈውን ፊደል ሲያስተካክል፣ እሳቸው ወደ ሌንሳ ዞረው ጭኮውን እንድታመጣ ነገሯት።

ለእኛ ብለው ያዘጋጁት ነበር። የገብስ ዱቄቱ በቅቤ ርሶ፣ ትንሽ ኮረሪማ ይሸታል። እኔ የሰጡኝን እጄ ላይ ይዤ ቀረሁ። እሳቸው ግን በጣታቸው እየቆረሱ በሉና፣ «የጻፍኩት ጠፋ እንጂ መንገዱ አልጠፋም። ስሙኝ» ብለው ጀመሩ።

እንደዚያ ሲናገር የሰማሁት ሰው የለም። አማርኛውን ከኦሮምኛው እያደባለቁ፣ አህያዋን ራሷን እየሆኑ፣ እናታቸውን እየሆኑ። ማለዳ ከመንደር ሲወጡ የነበረውን ብርድ፣ የእናታቸው እጅ በየመሃሉ ጉልበታቸውን እየነካ መኖሯን እንደሚያረጋግጥላቸው፣ ገበያተኞቹ ሲያልፉ እያንዳንዱ ምን እንደተሸከመ እንዴት እንደነገረቻቸው። አንድ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ «እዚህ ኩሬ አለ፤ ቀያይ ወፎች ሞልተውበታል፤ አንዱ አሁን ተነሣ» አለቻቸው። አድገው ያን መንገድ የሚያውቀውን ሁሉ ሲጠይቁ፣ ኩሬ የሚባል እዚያ ኖሮ አያውቅም አሏቸው።

«ዋሸችኝ ብዬ ተቀይሜያት ነበር» አሉ። «ሳረጅ ነው የገባኝ። ያ ቦታ ደረቅ ነው ለካ፤ የሚነገር ነገር የለውም። እንዳይሰለቸኝ ኩሬ ጨመረችልኝ።»

ሻሸመኔ ሲደርሱ መሽቶ ነበር። የትምህርት ቤቱ በር ጋ እናትየው ከአህያዋ አወረደቻቸው። እጃቸውን ይዛ የአጥሩን ግንብ አስነካቻቸው። «ይሄ ድንጋይ ነው» አለቻቸው። ከዚያ ቁጭ ብላ፣ ፊታቸውን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ ነገር ነገረቻቸው።

እዚህ ላይ ሲደርሱ ከግቢው ውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። የሚመልሰን ሚኒባስ ነው። ረዳቱ በሩን እየደበደበ «አዳማ! አዳማ! እየሄድን ነው!» ይላል። ዝናቡ እየባሰ፣ ቀኑም እየመሸ ነበር።

«ጨርሱልን ጋሼ፣ ምን አሉዎት?» አልኩ ቦርሳዬን እያነሣሁ።

«በጡሩምባ መሃል የሚነገር አይደለም» አሉ። «ሂዱ፣ መኪናው እንዳያመልጣችሁ። ስትመጡ እነግራችኋለሁ። ያኔ ደግሞ ተቀምጣችሁ ትጽፉልኛላችሁ፤ ሁለት እጅ ከአንድ ይሻላል።»

«ከመስቀል በኋላ እንመጣለን» አለ ጫላ። እጃቸውን ሳምን። ሌንሳ በር ድረስ ሸኘችን።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ጋሽ ገመቹ አንድ ጊዜ ደወሉ። «እንደገና ጀምሬያለሁ» አሉ። «አሁን ስጫነው ‹ተቀምጧል› ይለኛል። አላመንኩትም፤ ደግሜ እጫነዋለሁ።» ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ሳይደውሉ ሲቀሩ፣ ዝናቡ መስመሩን አበላሽቶት ይሆናል ተባባልን። ለአዲስ ዓመት እኛ ስንደውል የሚያነሣ የለም። እኔ ለእንቁጣጣሽ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ፣ ጫላም ነገሌ ወርዶ ነበር። ነገሌ ለሻሸመኔ ቅርብ ነው። ደርሶ መምጣት ይችል ነበር፤ ከእኔ ጋር ለመሄድ ብሎ ነው የተወው። ይህን የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ጭቃው ሲደርቅ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ወረድን። መንገዱ ዳርና ዳር ብጫ በብጫ ሆኗል። ለመጻፍ ብለን ወረቀት ይዘናል፤ ለጋሽ ገመቹም ከአዳማ ፓፓያ ገዝተንላቸዋል። ክፍሉን ስንከፍት በመምህሩ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሌንሳ ድምፃችንን ለይታ ተነሣች።

«አልሰማችሁም?» አለችን።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሳንባቸውን አመማቸው። ዘመዶቻቸው መጥተው ወደ ኮፈሌ ወሰዷቸው፤ በዚያው በእናታቸው መንገድ፣ በአስፋልቱ። አዲሱ ዓመት ሳይገባ አረፉ።

ጫላ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እኔ ፓፓያውን የት እንደማስቀምጥ ጠፍቶኝ ዙሪያውን አያለሁ። ሌንሳ ናት ያሰበችልን፤ ላፕቶፑን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የጻፉት አለ» አለች። «ቁልፉ አሁን አላጠፋውም።»

እውነትም ነበር። በየገጹ፣ በየቀኑ፣ አንድም ሳይጎድል ተቀምጧል። ጫላ ከስክሪኑ ማንበብ ይችል ነበር፤ ለእሷ ተወላት። ሌንሳ ኤርፎኑን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ያ ድምፅ በፈረንጅ አፍ የሚላትን እየሰማች፣ አቃንታ በራሷ ኦሮምኛ ትነግረናለች። እኔ ያልገባኝን ጫላ በአማርኛ ይመልስልኛል። የማለዳው ብርድ አለ። ጉልበት የምትነካው እጅ አለች። ሁለተኛ ሲጽፉት ዓረፍተ ነገሩ አጥሯል፤ የቸኮለ ሰው አካሄድ ነው። ገበያተኞቹ ገና ከሩቅ ሲመጡ፣ የአንዷ ሴት ቅርጫት ውስጥ ዶሮ ሲጮህ፣ ሌንሳ ኤርፎኑን አወለቀች።

«ቀጥዪ» አላት ጫላ።

«አለቀ» አለች።

ወንዙ ጋ አልደረሱም። አህያዋ አልተሻገረችም። ኩሬውም፣ ቀያዮቹ ወፎችም፣ በሩም የሉም።

«ምናልባት ለአንቺ ነግረውሽ ይሆን? እናታቸው በሩ ላይ ያሏቸውን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ለማንም ሲናገሩ አልሰማሁም» አለች ሌንሳ። «‹የአዳማ ልጆች ሲመጡ› ነበር የሚሉኝ።»

ስንመለስ፣ መቂ ላይ ጫላ «ኮዱ ትክክል ነበር» አለ። «አዎ፣ ትክክል ነበር» አልኩት። ከዚያ በኋላ ኮዱን ድራይቨሩን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ላክነው። ብዙ ጠየቁን፣ አስተካከልን፣ ተቀበሉት። በሥራ ላይ ውሎ የሞከረው ሰው አለ ወይ ብለው ሲጠይቁን ጫላ «አዎ» ብሎ ብቻ መለሰ።

ጫላ ዛሬ ሐዋሳ ነው፤ ልጆች አሉት፣ እንደ እኔው ሸብቷል። በየእንቁጣጣሹ እንደዋወላለን። አንድ ዓመት የጋሽ ገመቹን ትረካ ከትዝታችን እንጻፈው ተባብለን ሞክረን ነበር። እኔ ወፎቹ የነበሩት ከወንዙ በፊት ነው እላለሁ፣ እሱ በኋላ ነው ይላል። የእኔ አማርኛ ነው፤ የእሳቸው ኦሮምኛ አይደለም። አህያዋን የሚሆኑበት ድምፅ ወረቀት ላይ አልገባ አለኝ። ተውነው። በሩ ላይ የተባለውን ቃል ለመገመትም እንዳልሞክር ራሴን ከልክያለሁ፤ እኔ የምጨምርበት ኩሬ የለኝም።

ሰው መኪና እንዳያመልጠው ብሎ ስንት ነገር ያመልጠዋል። ያን ዕለት ብንቀር የሚጎዳን ነገር አልነበረም፤ አንድ ሌሊት ሻሸመኔ ማደር ነው። ጡሩምባው ግን የሚያስቸኩል ነገር ያለ አስመሰለብን።

ባለፈው እሑድ ባጃጅ ጠርቼ ከደጃፌ ስወጣ፣ አጥር የምንጋራቸው እትዬ ፀሐይ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኙኝ። ሰላም ስላቸው፣ በወጣትነታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲሠሩ የሆነ አንድ ነገር አነሡልኝ። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ባጃጁን አዩትና «ይሄው ሰውየው እየጠበቀሽ ነው፤ ሂጂ ልጄ፣ ስትመለሺ እጨርስልሻለሁ» አሉኝ።

ወደ ሾፌሩ ዞሬ ይቅርታ ጠየቅሁትና አሰናበትኩት። ከዚያ እዚያው ደፉ ላይ፣ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ይቀጥሉ እትዬ» አልኳቸው።